ለሌላው በተከፈተ በር፦ ኢትዮጵያውያን ለአሜሪካ ወረቀት የተጓዙበት መንገድ

ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በጁን 1924 መጨረሻ አንድ ሠንጠረዥ ፈርመው አወጡ። ሠንጠረዡ ከየአገሩ በዓመት ስንት ሰው ለመኖር ወደ አሜሪካ መግባት እንደሚችል ይወስናል። ጀርመን 51,227። ታላቋ ብሪታንያና ሰሜን አየርላንድ 34,007። ኢትዮጵያ 100። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ሲረቀቅ የኢትዮጵያ ጉዳይ የምክር ቤቱ አባላት ጭንቀት አልነበረም። ያሳሰባቸው ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ የሚጎርፈው ጣልያናዊ፣ አይሁዳዊና ስላቭ ነው። ስለዚህ የየአገሩ ኮታ በ1890 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት ተወላጆቹ 2 በመቶ እንዲሆን አደረጉ፤ በዚያ ዓመት ጣልያኖቹ ገና በብዛት አልመጡም ነበርና። እስያውያንን ከነጭራሹ ከለከሉ። በቆጠራው ከቁጥር የማይገባ ሕዝብ ላለው አገር ደግሞ ኮታው ከ100 እንዳያንስ ተባለ። ኢትዮጵያም፣ ግብፅም፣ ላይቤሪያም መቶ መቶ የደረሳቸው በዚህ ስሌት ነው።

የዜግነቱ ሕግም እንዲሁ ነበር። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ ዜግነት ለነፃ ነጮች ብቻ እንዲሰጥ ደነገገ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870፣ የአፍሪካ ተወላጆችና ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ሰዎች ተጨመሩ። ያ ሕግ የወጣው የባርነት ቀንበር ከተሰበረ ገና አምስት ዓመት ባለፈበት አገር፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በተነሣ ክርክር መሐል ነው። ውጤቱ ግን ሩቅ ሄደ። በ1922 አንድ ጃፓናዊ፣ በ1923 ደግሞ አንድ ሕንዳዊ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው የተነፈጉትን ዜግነት ኢትዮጵያዊ በሕግ መጠየቅ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት መቶ ዓመታት ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ታይቷል። አሜሪካ ለአየርላንዱ፣ ለፖላንዱ ወይም ለቀዝቃዛው ጦርነት ብላ ባወጣችው ሕግ ኢትዮጵያዊው አንብቦ፣ ካልሆነም ያነበበ ጠይቆ፣ ይገባበታል።

በዚያ ዘመን ግን መቶዋን ኮታ የሚሻማባት ሰው አልነበረም። ባሕር የሚሻገረው ሊማርና ሊመለስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መላኩ በያን በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1936 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆኖ እንደገና ኒው ዮርክ ገባ። በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ በ1940 እዚያው አሜሪካ አረፈ። ሃያ ዓመት ያህል ከአሜሪካ ጋር ቢተሳሰርም ሥራው ሁሉ ለአገሩ ነበር።

በዚያው በ1940 አሜሪካ የውጭ ዜጎች ሁሉ አሻራ እየሰጡ እንዲመዘገቡ አዘዘች። ከጦርነቱ በኋላ የምዝገባ ወረቀቱ ቋሚ ነዋሪን ከጎብኚ ወደሚለይ ካርድ ተቀየረ፤ ካርዱ አረንጓዴ ስለነበር “ግሪን ካርድ” የሚለው ስም ወጣለት። በ1952 የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ የጸደቀው ሕግ ዘርን ከዜግነት መስፈርትነት ሙሉ በሙሉ አወጣ። ኮታው ግን እንዳለ ቀረ።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ። የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅን ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር አገናኘ፤ ነፃ የትምህርት ዕድሎችም መጡ። ተማሪው የሚይዘው ኤፍ ዋን የተባለውን ቪዛ ሲሆን ትምህርቱ ሲያልቅ ቪዛውም ያልቃል። ይህ ብዙዎችን አላሳሰባቸውም። ዲግሪ ይዞ የተመለሰ ሰው አዲስ አበባ ላይ ሹመት ይጠብቀዋል፤ ሜዳ ላይ ይቀራል ተብሎ አይታሰብም።

በኦክቶበር 3, 1965 ሊንደን ጆንሰን የነፃነት ሐውልት ግርጌ ተቀምጠው አዲስ ሕግ ፈረሙ። የ1924ቱ ኮታ ፈረሰ። ከምሥራቁ ንፍቀ ክበብ በዓመት 170,000፣ ከአንድ አገር ደግሞ ከ20,000 ያልበለጠ ሰው እንዲገባ ተፈቀደ። ቅድሚያው አሜሪካ ውስጥ ቤተ ዘመድ ላለው፣ ቀጥሎም ለተፈላጊ ሙያተኛ ሆነ። ጆንሰን ሕጉ የማንንም ኑሮ የሚለውጥ አብዮት እንዳልሆነ ተናግረው ነበር፤ ደጋፊዎቹም ዘመድ እየጠራ የሚመጣው በአብዛኛው አውሮፓዊ እንደሚሆን ገምተው ነበር። ለኢትዮጵያውያን ያን ጊዜ የተለወጠ ነገር አልታየም። ዘመድ የሚጠራው ዘመድ ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አሜሪካ የተቀመጠ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር።

ይሁንና በሕጉ ሰባተኛ ተራ ላይ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ከኮሚኒስት አገር ወይም “ከመካከለኛው ምሥራቅ” ለሸሹ ስደተኞች ጥቂት ቦታ ትተዋለች። የመካከለኛው ምሥራቅን ወሰንም ታሰምራለች፦ በምዕራብ ሊቢያ፣ በሰሜን ቱርክ፣ በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በደቡብ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያ በዚህ ወሰን ውስጥ መሆኗን የሚወስን ሌላ ትንታኔ አያስፈልግም፤ ስሟ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ኬንያዊውና ታንዛኒያዊው ግን ከመስመሩ ውጭ ቀሩ።

ያቺ አንቀጽ ትርጉም ያገኘችው የኢትዮጵያ አብዮት ሲፈነዳ ነው። ዘውዱ በ1974 ወደቀ፤ ከ1977 ጀምሮ ቀይ ሽብር ከተሞቹን በደም አጠበ። ዲግሪውን ጨርሶ ሊመለስ ሻንጣውን ያዘጋጀው ተማሪ ጓደኞቹ እንደታሰሩና እንደተገደሉ በደብዳቤና በስልክ ሰማ። ቪዛው እየተቃጠለበት ነው፤ አገር ቤት መግባት አይችልም፤ አሜሪካም ለመኖር ፈቃድ አልሰጠችውም። ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለእንዲህ ያሉት ኢትዮጵያውያን ከአገር የማስወጣቱን እርምጃ እያራዘመ ተወላቸው። ሥራ መሥራት ቻሉ። ያገኙት ግን ጊዜ ብቻ ነበር፤ ማራዘሚያው ግሪን ካርድ የሚያስገኝ አንድም ሐረግ አልነበረውም።

ሌላው ወገን በእግሩ ወጣ። በመተማና በሑመራ በኩል ሱዳን የገባው ስደተኛ በገዳሪፍና በካርቱም ተጠራቀመ። ማርች 17, 1980 ጂሚ ካርተር የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በይበልጥ የተጣደፈው በጀልባ ባሕር ላይ በሚያልቁት የቬትናም ስደተኞች ምክንያት ነው። ያቺን የመካከለኛው ምሥራቅ መስመር አጠፋና በምትኩ ለመላው ዓለም የሚሠራ ትርጉም አስቀመጠ፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይሳደድ በቂ ፍርሃት ያለው ሰው። ውጭ አገር ሆኖ የሚያመለክተው “ስደተኛ”፣ አሜሪካ ገብቶ የሚጠይቀው “ጥገኛ” ይባላል፤ ሁለቱም ከአንድ ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታሉ። ስደተኛው ካርዱን ሲያገኝ የነዋሪነት ዘመኑ የሚቆጠርለት አሜሪካን ከረገጠበት ቀን ነው፤ ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት ዜግነት መጠየቅ ይችላል።

ለመላው አፍሪካ የተመደበው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ ከዚያ አብዛኛውን የያዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የዚያን ዘመን ኤርትራውያንም በዚሁ ስም ተቆጥረዋል። ካርቱም ላይ ለኢንተርቪው የቀረበው ሰው ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የቤተሰቡን ዝርዝር ለመዝገብ ይሰጣል። እናቴ፣ ወንድሜ፣ ልጄ ብሎ ያስመዘገበው ቃል ከዓመታት በኋላ ዘመዱን ሲጠራ ተመልሶ ይመረመራል። ዋሽንግተን ውስጥ “ማማ ደስታ” የተባለው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በ1978 ተከፍቶ ነበር፤ በ1983 ደግሞ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ከጊዜ በኋላ የየትኛውንም አገር ስደተኛ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው ከሚያቋቁሙት የአሜሪካ ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆነ።

የተማሪዎቹ ወገን ግን ገና እንደተንጠለጠለ ነበር። በ1981 የሬገን አስተዳደር የኢትዮጵያ ሁኔታ ተሻሽሏል ብሎ ማራዘሚያውን ሊያቆም ተነሣ። ማኅበረሰቡ ጮኸ፣ የምክር ቤት አባላትም ተቃወሙ፤ በ1982 ማራዘሚያው ከ1980 አጋማሽ በፊት ለገቡት ተመለሰ። ቀጥሎ በ1986 ከ1982 በፊት ገብተው ያለ ወረቀት የኖሩትን ሕጋዊ የሚያደርግ ታላቅ ምሕረት ወጣ፤ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ በብዛት የሜክሲኮ ተወላጅ፣ በዚያ ነዋሪነት አገኘ። ለማራዘሚያው ሰዎች መፍትሔ የመጣው በዲሴምበር 1987፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን በጀት በሚመለከት ሕግ ጀርባ በተሰፋ አንቀጽ ነው። ማራዘሚያ ተሰጥቷቸው የነበሩና ከ1984 አጋማሽ በፊት የገቡ የፖላንድ፣ የአፍጋኒስታን፣ የኡጋንዳና የኢትዮጵያ ዜጎች ወደ ነዋሪነት እንዲሻገሩ ፈቀደ። የፖላንዱ ሎቢ በቺካጎ ጉልበተኛ ነበር፤ ኢትዮጵያውያኑ ከእርሱ ጎን ተሰልፈው ገቡ። ከአሥር ዓመት በፊት ለጊዜው ተብሎ የተሰጠው ፈቃድ በዚህ ሁኔታ ግሪን ካርድ ሆነ።

ቀጣዩን በር የከፈተው የአየርላንድ ጉዳይ ነው። በ1965ቱ ሕግ ቅድሚያው ለቅርብ ዘመድ በመሆኑ አያቶቻቸው ከመቶ ዓመት በፊት የተሻገሩት አየርላንዳውያን ወረፋ አጡ። በ1980ዎቹ ኒው ዮርክና ቦስተን ውስጥ ቪዛቸው ያለቀ ወጣት አየርላንዳውያን ሞሉ። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና የኮነቲከቱ ተመራጭ ብሩስ ሞሪሰን መላ ፈለጉ፤ የመላው ውጤት በኖቬምበር 29, 1990 የተፈረመው ሕግ ሆነ። ለሦስት ዓመት መሸጋገሪያ በዓመት 40,000 ቪዛ ተመደበ፤ ከዚያ ውስጥ 40 በመቶው በስም ለአየርላንድ ነበር። በኦክቶበር 1991 ሰዉ በሺህ የሚቆጠር ፖስታ በከረጢት ተሸክሞ ሜሪፊልድ፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ፖስታ ቤት ጎረፈ። ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም።

መሸጋገሪያው ሲያበቃ ግን ሕጉ በራሱ ቀመር መሥራት ጀመረ። ከ1995 አንሥቶ በዓመት 55,000 ቪዛ በዕጣ እንዲታደል፣ ዕጣውም ጥቂት ስደተኛ ለላኩ አገሮች እንዲያደላ ተደረገ። አየርላንድ በኢኮኖሚ እያገገመች መጣች፤ ወጣቷም አሜሪካን ረሳ። ከ1924 ጀምሮ ጥቂት ሰው ብቻ የላከችው አፍሪካ ግን በቀመሩ ትልቁን ድርሻ ያዘች።

አዲስ አበባ ላይ “ዲቪ” የሚለው ቃል እንዲህ ገባ። መሞላቱ ቀላል ነበር፦ በነጭ ወረቀት ላይ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የትዳር ጓደኛና የልጆች ስም ጽፎ በፖስታ መላክ። መስፈርቱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ነው። በ2003 መላው ነገር በኢንተርኔት ሆነ፤ በየሠፈሩ ዲቪ የሚሞሉ፣ ፎቶ የሚያስተካክሉ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን በእጃቸው ይዘው ከባለዕድሉ ጋር የሚደራደሩ ሱቆች በቀሉ። ዲቪ የደረሰውን ሰው ለማግባት የሚደረግ ድርድርም ተጀመረ፤ ቆንስላውም ከዕጣው በኋላ የተፈጸመን ጋብቻ አጥብቆ መጠየቅ ልማዱ ሆነ።

ዲቪ ደረሰ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከሚታደለው ቪዛ እጅግ የሚበልጥ ስም ይወጣል። ተራው እስከ ሴፕቴምበር 30 ካልደረሰ ዕድሉ ይቃጠላል፤ ለከርሞ አይሻገርም። ከአንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ አይወሰድም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው በሌሎቹ መንገዶች የላከ አገር ከዕጣው ይወጣል፤ ናይጄሪያ በዚህ ምክንያት ከ2015ቱ ዕጣ ጀምሮ ወጥታለች፤ ኢትዮጵያ ግን ቆየች። በሜይ 2011 ደግሞ ኮምፒውተሩ ዕጣውን በትክክል አላወጣም ተብሎ “ደርሷችኋል” የተባሉ 22,000 ያህል ሰዎች ውጤት ተሰረዘ።

የዲቪ ባለዕድል ብቻውን አልቀረም። አምስት ዓመት ኖሮ፣ እንግሊዝኛውንና የአገሩን ታሪክና መንግሥት የሚመለከተውን ፈተና አልፎ ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ የ1965ቱ ሕግ ለእርሱም መሥራት ይጀምራል። ሲቲዝን የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹን፣ እርሱ 21 ከሞላው ደግሞ እናት አባቱን ያለ ኮታ ይጠራል። ወንድምና እኅት ግን ወረፋ አለው፤ ወረፋውም ከአሥር ዓመት በላይ ይዘልቃል። የአሜሪካ ቆጠራ በ1990 ወደ 35,000 ያህል የኢትዮጵያ ተወላጅ መዝግቦ ነበር፤ በ2000 ወደ 70,000 ተጠጋ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሠፈር “ሊትል ኢትዮጵያ” ብላ ሰየመች።

በሩ ሲሰፋ ጠባቂው በዛ። ቢል ክሊንተን በሴፕቴምበር 1996 የፈረሙት ሕግ ለጥገኝነት ጠያቂ የአንድ ዓመት ገደብ አኖረ፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዓመት ሳይሞላ ያላመለከተ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ ግድ ሆነበት። ያለ ወረቀት ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ የወጣ ለሦስት ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት እንዳይመለስ ተከለከለ። ዘመድ የሚጠራ ሰው ገቢው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቶ፣ ፍርድ ቤት የሚያስከስስ የስፖንሰርነት ውል እንዲፈርም ተደረገ። ስፖንሰር መሆን ቀድሞ የቃል ውለታ ይመስል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠራው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን ወይም ለአሥር ዓመት ያህል እስኪሠራ የሚዘልቅ ዕዳ ሆነ።

ጥገኝነት ያገኙትም ቢሆን ቶሎ አልተሳካላቸውም። ከ1991 በኋላ ከኢሕአዴግ መንግሥት ጋር የተጣሉ ጋዜጠኞችና የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት በብዛት በዚህ መንገድ መጡ። ይሁንና ጥገኝነት ካገኙት ውስጥ በዓመት ግሪን ካርድ የሚደርሳቸው 10,000 ብቻ እንዲሆኑ ሕጉ ገድቦ ነበር። ወረፋው እያደገ ሄዶ አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችል ነበር፤ ዜግነቱም አብሮ ይዘገያል። ገደቡ የተነሣው በሜይ 2005 ነው።

የአሜሪካ ሲቲዝን መሆን በሌላ በኩል ዋጋ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ ሕግ ከ1930 ጀምሮ፣ በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378ም እንዳጸናው፣ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በሕግ ያጣል። የፌዴራሉ መንግሥት በ2002 ያወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ይህን ለማለዘብ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሰጠ። ባለ ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ንብረት ያፈራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።

በ2008 ያ ካርቱምና ናይሮቢ ላይ የተመዘገበ የቤተሰብ ዝርዝር ተመልሶ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞች ዘመዶቻቸውን በሚጠሩበት ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ሞከረ፤ በኬንያ ተጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ሰፋ። ብዙዎቹ ዝምድናዎች በደም አልተረጋገጡም። አንዳንዱ ማጭበርበር ነበር። አንዳንዱ ግን የሞተ ወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው ነው፤ ሕጉ ለእንዲህ ያለው አሳዳጊ ቦታ አልነበረውም። ፕሮግራሙ ቆመ፤ በ2012 ሲመለስ ምርመራውን ግዴታ አድርጎ ነው።

በ2020 ደግሞ የኮቪድ ወረርሽኝን ተከትሎ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አዲስ የኢሚግራንት ቪዛ አገዱ። የዚያ ዓመት የዲቪ ባለዕድሎች ሴፕቴምበር 30 እየቀረበባቸው ሰው ያልጠራቸው ነበሩ። በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዳኛ አሚት ሜህታ በሴፕቴምበር መጀመሪያ መንግሥት ጉዳያቸውን በጥረት እንዲያስተናግድ አዘዙ። በቀሩት ሳምንታት ቪዛ ያገኘ አለ፤ ያላገኘም ብዙ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ ሲያይል የ1977ቱ ታሪክ በሌላ ስም ተመለሰ። በኦክቶበር 2022 የአሜሪካ መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ላሉ ኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ የተባለውን ጊዜያዊ ከለላ ሰጠ፤ ተጠቃሚዎቹ ወደ 26,700 ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። ቲፒኤስ የተወለደው በዚያው በ1990 ዲቪን በወለደው ሕግ ነው። ሥራ ያሠራል፣ ከመባረር ይጠብቃል፤ ግሪን ካርድ ግን በራሱ አያስገኝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2021 በሙሉ ድምፅ ወስኗል፦ ያለ ፍተሻ ድንበር ተሻግሮ የገባ ሰው ቲፒኤስ በማግኘቱ ብቻ “በሕግ ገባ” አይባልም፤ ስለዚህ ሲቲዝን ቢያገባ እንኳ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ወደ ግሪን ካርድ መሻገር አይችልም።

ከለላው በ2024 አንድ ጊዜ እስከ ዲሴምበር 12, 2025 ተራዘመ። በዚያው ወር የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ከለላው ካበቃ የየሰዉ ዕጣ የሚወሰነው በአገባቡና በፋይሉ ነው። በቪዛ የገባና ሲቲዝን የትዳር ጓደኛ ያለው እዚያው ሆኖ ማመልከት ይችላል። ከብራዚል ተነሥቶ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ ድንበር ተደብቆ ለገባው ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ የማያውቅ ሰው የአንድ ዓመቱ ገደብ ያለፈው ቢሆንም፣ በቲፒኤስ የቆየበት ጊዜ እንደ በቂ ምክንያት ይታይለታል፤ ነገር ግን ከለላው ካበቃ በኋላ “ተገቢ በሆነ ጊዜ” ውስጥ ማመልከት አለበት። ደንቡ ያ ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ በቁጥር አልጻፈም፤ ኬዙን የያዘው መኮንን ወይም ዳኛ ነው የሚወስነው።